በአራስነቴ ያኘክሁት የአሰላ ሰም

ጉምሩክ ታሪፍ ቀየረ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን በምላሴ እዳስሳለሁ። ልማድ ሆኖብኛል። ሌላው ሰው ዕቃ ተወደደ፣ ረከሰ እያለ ሲያወራ እኔ አፌ ውስጥ የሚመጣብኝ የሰም ጣዕም ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ይስቃሉ፤ የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። የአሰላን፣ የሁሩታንና የበቆጂን ሰም አልጋ ላይ ተቀምጬ ያኘክሁ ግን እኔው ነኝ፤ ያውም አራስ ሆኜ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአማቴ ጋር ነበር። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው፤ ቤቱን የሚያዙት አማቴ ናቸው። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞተውባቸው ጠጅ እየጣሉ ነው አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት። ግን ጠጁ ብቻ አልነበረም ያሳደገው። ጠጅ የሚጣለው ከነሰሙ በሚመጣ ማር ነው፤ ማሩ በውሃ ሲበጠበጥ ሰሙ ከሞተው ንብና ከጉድፉ ጋር ላይ ይንሳፈፋል። ያ ነው ሰፈፍ የሚባለው። ሌላው ጠጅ ጣይ ሁሉ ሰፈፉን ደጅ ሲደፋ፣ አማቴ ፈረንጅ እንደሚፈልገው ከአንድ ሾፌር ሰምተው መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የራሳቸውን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የከተማውን፣ በመጨረሻ ከሁሩታም ከበቆጂም ሴቶች እየጫኑ ያመጡላቸው ጀመር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰም ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ነጋዴ ነበር። የእሱ ወኪል በካሚዮን መጥቶ ይጭናል፤ እስከ ናዝሬት በካሚዮን፣ ከናዝሬት እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ። አማቴ ባሕር አይተው አያውቁም። "የኔ ሰም አሁን ባሕር ላይ ነው" ሲሉ ግን ጀርባቸው ቀጥ፣ አንገታቸው ሰገግ ይል ነበር።

ሰም ገዢ ሁልጊዜ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሞራ። አንዳንዱ ሚዛን እንዲያነሳለት የከብት ሞራ አቅልጦ ይቀላቅልበታል። ዓይን አይለየውም፤ ሰፈፍ እንደሆነ ጥቁር ነው። በእሳት ለመለየት ቢሞከርም ሰፈፍ በጉድፉ የተነሳ ያው ይጨሳል። የሚለየው ጥርስ ነው። ንጹሕ ሰም ስታኝኩት መጀመሪያ ይፈረፈራል፣ ቀጥሎ ይሰበሰባል፣ ጥርስ ላይ አይለጠፍም፣ ከኋላው የማር ጠረን ይተዋል። ሞራ ያለበት ግን ገና ስትነክሱት ይንሸራተታል፣ ላንቃችሁን እንደ ቅባት ይለብጠዋል፣ ምላሳችሁን በነጠላ ብትወለውሉት እንኳ አይለቅም። አማቴ ካገባሁ ጀምሮ አጠገባቸው አስቀምጠው "በይ ንከሺ፤ ምን አለሽ?" እያሉ አስተምረውኛል።

እንግዲህ ሰም ማኘክና ጾም አብረው አይሄዱም። ሞራ ሊኖርበት የሚችል ነገር በጾም ቀን ማን አፉ ያስገባል? ለዚህም መላ ነበረን። ከአጥራችን ማዶ የምትኖር አንዲት እስላም ጎረቤት ነበረችን። በዕድሜዋ እናቴን ብታክልም "እርስዎ" ስንላት "አረጀሁ እንዴ?" ብላ ስለምትቆጣ ሁላችንም አንቺ ነበር የምንላት። በእኛ ጾም እሷ ታኝክልናለች፤ በረመዳን አማቴ ያኝካሉ። "ኦቦሌቲ፣ እኔ ጋ ገባ፣ አንቺ ጀምሪ!" ይባባላሉ፤ ኦቦሌቲ በኦሮምኛ እህት ማለት ነው። እንዲህ ተቀባብለው ዓመት ይወጣሉ።

በዚያ ዓመት ግን ዓቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ።

እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቼ ነበር። እናቴ ልታርሰኝ ከሁሩታ መጥታ አልጋዬን ከብባ አላንቀሳቅስ ብላኛለች። ከመጋረጃው ማዶ ያለውን ዓለም የማውቀው በጆሮዬ ነው፤ ማን እንደገባ በእግር ኮቴው፣ ማን እንደተቆጣ በአተነፋፈሱ። አንድ ቀን የካሚዮኑ ጥሩምባ ተሰማ፤ ወኪሉ ገባ። ደግ፣ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ ሰው ነበር።

"እማማ፣ ጉምሩክ መጽሐፉን ለወጠው" አለ፤ ገና ሳይቀመጥ።

"የምን መጽሐፍ ነው?"

"የቀረጥ መጽሐፍ ነዋ! ድሮ የንብ ሰም ተብሎ አንድ ቁጥር ነበረው። ሰፈፉም፣ ንጹሑም፣ ሁሉም እዚያች ቁጥር ሥር ይገባና ያልፋል። አሁን ሦስት ቁጥር አድርገውታል። የተጣራ ንጹሕ ሰም በአንዱ፣ ሰፈፍ በሁለተኛው፣ ስብ የነካው በሦስተኛው።"

"ታዲያ ይለዩታ! እኔን ምን ነካኝ?"

"ቀረጡ ነው የሚነካዎት። የተጣራው እንደ ድሮው ነው። ሰፈፉ ላይ ጨምረዋል። ስብ የነካውማ አይጠየቅ! ጌታዬ ደግሞ የዘንድሮውን ሰም ባሕር ማዶ ላለው ገዢ አስቀድሞ ሸጦታል፤ በድሮው ቀረጥ አስቦ። አሁን ተመልሶ ጨምርልኝ ቢለው የሚሰማው የለም። ልዩነቱን ከኪሱ ሊከፍል ነው።"

"እሺ እናጣራለን። ማጣራት ያቅተናል?"

"ማጣራቱ ብቻ አይደለም። ከጭነቱ መሃል አንዲት ሞራ የነካት ከተገኘች ጭነቱ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ቁጥር ይወርዳል።"

"አንዲት?"

"አንዲት! ስለዚህ ጌታዬ ምን አለ መሰልዎት፦ አሰላ ንጹሑን ካቀረበች እሰየው፣ ሌላ አገር አልሄድም። ካልቻለች ግን ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ከአርሲ ሰም መግዛት አቆማለሁ። በሚመጣው ሳምንት ካሚዮኑን ይዤ እመጣለሁ። ያን ቀን ያለውን አይቼ እጭናለሁ፣ ወይም ባዶዬን እመለሳለሁ።"

ሰውዬው ወጣ። የአማቴን ትንፋሽ በመጋረጃው ውስጥ እሰማለሁ። ያ ሰው መምጣቱን ካቆመ ሰፈፍ ተመልሶ ደጅ የሚደፋ ነገር ይሆናል፤ እሳቸውም ያን ሁሉ ዓመት ከየቤቱ ደጃፍ ለቅመው ያቆሙት ሥራ በአንድ ቃል ይፈርሳል። በእሳቸው አምነው ከበቆጂ ድረስ የሚጭኑት ሴቶችስ?

ብዙ አልቆዩም። "በርሜሉን አውጡ!" ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያዝን ነበር፤ የኔ አማት በርሜል አስወጡ። ያን ቀን በየጠጅ ቤቱ መልእክት ሄደ፤ ሁሩታም በቆጂም ተላከ፦ ያላችሁን ሰፈፍ ይዛችሁ ኑ፣ አሰላ ላይ ይጣራል።

ማጣራቱ እንዲህ ነው። ሰፈፉን በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር ታፈላላችሁ። ሲቀልጥ ጆንያ ውስጥ ትገለብጡና በሁለት ወፍራም እንጨት መሃል ትጨምቁታላችሁ። ጉድፉ ጆንያው ውስጥ ይቀራል፤ ሰሙ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይወርድና ቢጫ ሆኖ ይረጋል። ጉድፍ እንዲህ ይወጣል፤ ሞራ ግን አይወጣም። ሞራ ከሰሙ ጋር አብሮ ይቀልጣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይረጋል። ስለዚህ እያንዳንዷ የሰፈፍ ድቡልቡል በርሜሉ ከመግባቷ በፊት መታኘክ አለባት። አንዷ ሞራ ይዛ ከገባች በርሜሉ በሙሉ ሄደ ማለት ነው።

እና ማን ያኝክ?

አማቴና ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ በሰፈፉ ክምር ግራና ቀኝ ቆመው ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

"አኝኬ ብተፋውስ?" ይላሉ አማቴ።

"አንቺው ነሽ ያልሽኝ፤ ሞራ ምላስ ከነካ አለቀ ብለሻል። አሁን ጉምሩክ ሲመጣ ሃይማኖት ልትቀይሪ ነው?"

"አንቺስ ማታ ስትገድፊ?"

"እሱን እሞክራለሁ" አለች ጎረቤታችን።

ሞከረችም። ጀምበር ጠልቃ ጾሟን ፈትታ መጣች፤ በፋኖስ ተቀምጣ ማኘክ ጀመረች። የመጀመሪያውን ነክሳ "ሞራ አለው" አለች። ሁለተኛውን ነክሳ "ይሄም አለው።" ሦስተኛው ላይ ራሷ ሳቀች። "ያ ረቢ! ሾርባ ጠጥቼ ነው የመጣሁት፤ ሳልጠጣ ደግሞ መንጋጋዬ አይነሳ፤ ሥጋው ምላሴ ላይ ነው ያለው። ዛሬ ድንጋይ ብታስኝኩኝም ሞራ አለው ነው የምለው!" ከዚያ ሳቋን ስታቆም ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች። እኔ አላየኋትም፤ እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ። "ኦቦሌቲ፣ እኛ ምን ሆነን ነው? በዚህ ቤት ጾም የማይነካት አንዲት ሰው ተኝታ የለም እንዴ?"

ልቤ ዘለለ! አጋነነች አትበሉኝ፤ እውነት ዘለለ። ስንት ጊዜ ተኝቼ ጣሪያ ስቆጥር፣ ያ ሁሉ ግርግር ያለ እኔ ሲያልፍ ሰንብቻለሁ።

"ማን? አራሷ?" አለች እናቴ፤ እንደ ነብር ተነስታ። "ጥርሷ ገና ሳይጠና? አጥንቷ ሳይገጥም ሰም ልታኝክ? እርስዎስ ሴት አይደሉም? አልወለዱም?" ይህን የምትለው ለአማቴ ነው።

"እኔ አልተናገርኩም፤ እሷ ናት ያለችው" አሉ አማቴ። ግን ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር፤ አውቀዋለሁ።

"አራስ ሰም አታኝክም። አለቀ!"

"አኝካለሁ!" አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። የጮህኩት ሳይታወቀኝ ነው። ልጄ ከእንቅልፏ ባንና አለቀሰች፤ እናቴ "ይኸው! ይኸው!" እያለች ወደ እኔ ሮጠች። ልጄን አቅፌ፣ እናቴን ለምኜ፣ አማቴን በዓይኔ ጠቅሼ፣ ጎረቤታችን ከበር ላይ "ወላሂ እኔ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ" ብላ ምላ፣ እናቴ በመጨረሻ "ጥርሷ ቢወልቅ ከእናንተ ነው የምቀበለው" ብላ ተቀመጠች።

በነጋታው ገንፎዬን በልቼ፣ ቅቤና በርበሬው መሃሉ ላይ የሚዋኝበት የአራስ ገንፎ፣ ትራስ ተደግፌ ተዘጋጀሁ። አማቴ በሰፌድ የሰፈፍ ድቡልቡሎች ይዘው ገቡ። ነከስኩ።

"ሞራ አለው" አልኩ።

ሌላ ሰጡኝ። "ይሄም አለው።"

"የማን ነው?"

"እኔ እንጃ፤ ግን አለው።"

ሦስተኛውን ሰጡኝ፤ ነከስኩ፤ ፊቴን አኮማተርኩ። አማቴ ፊታቸው ቀላ። "ይሄማ የራሴ ነው! በገዛ እጄ የለቀምኩት ነው! እኔ ሞራ ቀላቀልኩ እያልሽ ነው?"

ጎረቤታችን ከሳቋ የተነሳ ግድግዳውን ያዘች። "አፏን እዩት እንጂ! ከንፈሯ በቅቤ ያበራል! ማታ እኔ በሾርባ፣ ዛሬ እሷ በቅቤ!"

እናቴ የነገሩ መጨረሻ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። "እንዳትሉ" አለች፤ ጣቷን ቀስራ። "ያለ ቅቤ የሚባል ነገር እንዳትናገሩ! አራስ ያለ ቅቤ አታድርም!"

"ቅቤውን ከሥራው በኋላ ነው እማዬ" አልኳት። "ጠዋት አኝካለሁ፣ ሳበቃ እበላለሁ።"

እንዲህ ሆነና ከጾም ነጻ ናት ተብላ የተመረጠችው ሴት ራሷ ጿሚ ሆነች። ጠዋት ጠዋት አፌን በውሃ ተጉመጥሙጬ፣ በባዶ ሆዴ ማኘክ እጀምራለሁ። እናቴ ገንፎውን ይዛ አልጋው ራስጌ ትቆማለች። መጀመሪያ ላይ እያጉረመረመች ነበር የምትቆመው። ቀስ በቀስ ግን ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ ስትል እሷ ራሷ ሥራውን ታጣድፍ ጀመር። "ንከሺ! ምን አለሽ? ንጹሕ? ትፊው! ቀጣዩን አምጡ እንጂ፣ ምን ያንቀረፍፋችኋል?" ትላለች። አማቴ በሰፌድ ያስገባሉ፤ ጎረቤታችን ንጹሑን በቀኝ፣ ተጠርጣሪውን በግራ ታስቀምጣለች፤ ሠራተኞቹ ከውጭ በርሜሉን ያነድዳሉ። ልጄ ደረቴ ላይ ትጠባለች፤ እኔ ከላይ አኝካለሁ። እናትና ልጅ አብራችሁ ታኝካላችሁ ብላ ጎረቤታችን ትስቅብን ነበር። የመጀመሪያው ቢጫ ሰም ከጎድጓዳ ሳሕን ወጥቶ ሲያሳዩኝ፣ ይሄ ያ ጥቁር ሰፈፍ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ጠዋት ፀሐይ ጭላሎ ተራራ ላይ ስትወጣ የምትቀባውን ቀለም ይመስላል። መንካት ፈልጌ እጄን ዘረጋሁ፤ እናቴ ግን እጄን መታችኝ።

እንዲህ ሆነን፣ የአሰላውና የሁሩታው ሲያልቅ፣ የበቆጂዋ ሴት ደረሰች።

በሦስት ፈረስ ጭና መጣች። ቁመቷ የወንድ፣ ድምጿ የሁለት ወንድ የሆነ ሴት ናት፤ የበቆጂን ሰፈፍ ሁሉ ከየቤቱ ሰብስባ የምታመጣው እሷ ናት። ገና ሳትቀመጥ "ጉምሩኩ የታለ? እኔ ላናግረው!" እያለች ገባች። የእሷ ሰም እንደሌላው ድቡልቡል አልነበረም። በቆጂ ይበርዳል፤ ሰፈፉ በእጅ ሳይድቦለቦል ይደርቃል። ስለዚህ ለስለስ ሲል የእንጨት ገበቴ ውስጥ ይጫኑታል፤ ሲረጋ ገልብጠው ያወጡታል። ጠርዙ የተስተካከለ፣ የሚያምር ነው።

ከአንዱ ጠርዝ ነከስኩ።

ተንሸራተተ።

ቅቤ አልበላሁም፤ አፌ ንጹሕ ነው። አፌን ተጉመጥሙጬ ሌላውን ነከስኩ፤ ተንሸራተተ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ሁሉም ላንቃዬን ለበጠው። አማቴ ፊቴን ያዩኛል፤ እኔ መናገር ፈራሁ።

"ምን አለሽ?" አሉ ቀስ ብለው።

"እትዬ፣ ሞራ ነው።"

"የቱ?"

"ሁሉም።"

የበቆጂዋ ሴት በሩ ላይ ነበረች፤ ሰማች። "ምን? እኔ ሌባ? ሞራ? እኔ?" ቤቱ ተናጋ። "በፈረስ ጭኜ፣ ብርድ ጠጥቼ፣ ጾሜን መንገድ ላይ ውዬ የመጣሁት ሌባ ልባል ነው? ያቺ አልጋ ላይ የተቀመጠችው ናት ሌባ የምትለኝ? ትውጣና ፊት ለፊት ትንገረኝ!"

"አራስ ናት፤ አትወጣም!" አለች እናቴ፤ በሯን በእጇ ዘግታ። "ልጄ ደግሞ ጥርሷ አይዋሽም!" ይህን ያለችው ያቺው ጥርሷ አልጠናም ስትል የነበረችው ናት።

አማቴ ግን የበቆጂውን ሰም በዓይናቸው ይቆጥሩ ጀመር። የበቆጂው ከጭነቱ ትልቁ እጅ ነው፤ እሱ ከቀረ ወኪሉ ለጥቂት ሰም ብሎ ካሚዮን አይጭንም። ከገባ ደግሞ ሁሉም ወደ ሦስተኛው ቁጥር ይወርዳል። ካሚዮኑ የሚመጣው በማግሥቱ ነበር።

የበቆጂዋ ሴት ከቁጣዋ የተነሳ አንዱን ሰም ከሰፌዱ አነሳችና "ይኸው! ይኸው ሞራችሁ!" ብላ የበሩ ደፍ ላይ ፈጠፈጠችው። ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ስባሪ ተንከባሎ መጋረጃው ሥር መጣ።

ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ብቻ አነሳሁት። ከተሰበረበት ከመሃሉ ነከስኩ። ተፈረፈረ። ተሰበሰበ። ማር ሸተተኝ።

"ቆይ! ቆይ! ቆይ!" አልኩ። ከጠርዙ ደግሜ ነከስኩ፤ ተንሸራተተ። ከመሃሉ ነከስኩ፤ ንጹሕ። መጋረጃውን ገለጥኩት፤ አራስ መሆኔንም ረሳሁ። "እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰፈፉን ገበቴው ውስጥ ሲጫኑት ገበቴውን ምን ይቀቡታል?"

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አየችኝ። "ምን እቀባዋለሁ? ሞራ ነዋ! ካልቀባሁትማ ይጣበቃል፤ በመጥረቢያ ነው የሚወጣው! እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ በቆጂ ሁሉ..." ከዚያ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። "ውይ!" አለች። ያ የሁለት ወንድ ድምፅ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጠነ። "ውይ በሞትኩት!"

ጎረቤታችን መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አማቴ ግን የሳቁት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቢላ ነው የጠሩት። "ቢላ! ቢላ አምጡ! ያለውን ቢላ በሙሉ!"

የዚያን ቀን ያየነው ሥራ! ወሬው በከተማው ተሰማ፤ ጠጅ ጣዮቹ ሁሉ ቢላቸውን ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ በክብ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ሰም ቆዳ ይልጣሉ፤ እንደ ድንች። ልጣጩ ለብቻ፣ ልቡ ለብቻ። ክርስቲያኖቹም እስላሞቹም ጾመኞች ናቸው፤ አፋቸው ደርቋል፤ ሳቃቸው ግን አጥር ያናውጣል። የበቆጂዋ ሴት ከሁሉ በላይ ትልጣለች፤ በየመሃሉ ወደ እኔ መስኮት እየጮኸች "አራሷ! ሌባ ያልሽኝ! ይሄን ቅመሺልኝ!" ትላለች። ከእያንዳንዱ ከተላጠው ቁራሽ ይመጣልኛል፤ እኔ አኝካለሁ። ንጹሕ! ንጹሕ! ንጹሕ! "ንጹሕ" ባልኩ ቁጥር ከውጭ እልል ይላሉ። አንድ ላይ ብቻ ጣዕሙ ከመሃሉም አልጠፋ ሲለኝ አማቴ ሳያንገራግሩ ወደ ግራ ወረወሩት፤ ሰሙ ሲረጋ ተሰንጥቆ ሞራው እስከ ልቡ ገብቶበት ኖሯል። ገንፎዬ ያን ቀን ቀዝቅዞ፣ ተሞቆ፣ እንደገና ቀዝቅዞ ነው የበላሁት፤ እናቴ ስለ ገንፎ መናገር አቁማ ነበር፤ እሷም ቢላ ይዛለች።

ሌሊቱን ሲቀልጥና ሲጨመቅ አድሮ፣ በማግሥቱ ካሚዮኑ ሲመጣ የመጨረሻው ሰም ገና ለብ ያለ ነበር። ወኪሉ ገባና ቢጫውን ክምር ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። አንዱን አንስቶ አሸተተ፣ በጥፍሩ ቧጠጠ።

"እማማ፣ ያምራል። ግን ማን ነው ያኘከው? እኔ እንደሚያዩኝ ጾመኛ ነኝ። እርስዎም ጾመኛ ነዎት። ጎረቤትዎም ጾመኛ ናት። ሳይታኘክ ነው የማምነው?"

"ምራቴ ናት ያኘከችው።"

"ምራትዎ ክርስቲያን አይደለችም?"

"አራስ ናት ልጄ!"

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። ቤቱ በሳቁ ተሞላ፤ ልጄ ባነነች። ከክምሩ ሥር፣ ከመሃል፣ ከላይ ራሱ መርጦ ቁራሽ ቁራሽ ቆርጦ በእናቴ እጅ ላከልኝ። እሱ ከመጋረጃው ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ሲታኘክ ይሰማዋል። "ንጹሕ" አልኩ። "ይሄም ንጹሕ። ይሄም።"

"እንግዲህ እህቴ" አለ ከማዶ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚያ ጉምሩክ አቅልጠው የሚያዩበት ነገር አላቸው። አንዲት ብትወጣ እኔም እንጀራዬ ነው የሚሄደው።"

"ይጫኑት" አልኩት።

ተጫነ። ካሚዮኑ ሲወጣ ሴቶቹ ሁሉ ከኋላው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙት ብላ እናቴ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ረጅሙ። የበቆጂዋ ሴት ፈረሶቿን ይዛ መሄድ ሲገባት አልሄደችም፤ "ውጤቱን ሳልሰማ የት እሄዳለሁ፣ የበቆጂ ሰዎች ይበሉኛል" ብላ ቤታችን ሰነበተች። ለምሳ ሽሮ ይቀርባል፤ ሁሉም እየጎረሰ ጆሮውን ወደ መንገዱ ያቀናል። አማቴ ጥሩምባ በሰሙ ቁጥር በር ላይ ይወጣሉ። የከሰል መኪና ነው። የእህል መኪና ነው። እኔ ደግሞ ተኝቼ ምላሴን ጥርሴ ላይ እያሻሸሁ እያንዳንዷን ቁራሽ በሐሳቤ ደግሜ አኝካለሁ፤ ያቺ ከታች የመጣችው እርግጠኛ ነኝ? ያቺ ከመሃል የመጣችውስ?

በመጨረሻ የወኪሉ ጥሩምባ መጣ። አለመሳሳታችንን ያወቅነው ሰፈሩ ጫፍ ላይ ሆኖ መንፋት ጀምሮ ደጃችን እስኪደርስ ስላላቆመ ነው። ከካሚዮኑ ሳይወርድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

"በአንደኛው ቁጥር! በአንደኛው ቁጥር አለፈ እማማ!"

የበቆጂዋ ሴት አማቴን ከመሬት አንስታ አሽከረከረቻቸው። ጎረቤታችን እልልታዋን ለቀቀችው፤ እናቴ ተቀበለቻት። እኔ አልጋዬ ላይ ተነስቼ ቆምኩ፤ የሚቆጣኝ አልነበረም፤ ሁሉም ግቢ ውስጥ ነው። ልጄን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ "ስሚ፣ አለፈ!" አልኳት። ወኪሉ ወርዶ ሲናገር ሰማሁት፦ ጌታው ከሌላ አገር የመጣው ጭነት ወደ ሦስተኛው ቁጥር ወርዶበት እያማረረ ነው፤ የአሰላው ሲያልፍ ግን ከእንግዲህ ከአርሲ የሚነሳ ሰም ሁሉ በአማቴ እጅ ተጣርቶ ይምጣ ብሏል፤ የጮሌ ወረዳውም ጭምር።

አማቴ መሬት ሲነኩ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወኪሉን አዩት፣ ጠየቁት።

"ልጄ፣ ያ መጽሐፍ እንደገና የሚለወጠው መቼ ነው?"

ወኪሉ ትከሻውን ሰበቀ። "እሱን ማን ያውቃል እማማ? ሲፈልጉ ነው የሚለውጡት።"

"እንግዲያውስ ሳይለውጡት እንድረስ" አሉ አማቴ፤ ወደ ሴቶቹም ዞሩ። "በርሜሉን እጠቡት! አንቺ የበቆጂዋ፣ ፈረሶችሽን ጫኚና ሂጂ። ከዛሬ ጀምሮ ገበቴ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚርሰው፤ ሰምተሻል? ለሁሉም ንገሪ።"

"በውሃ ይለቃል እንዴ?" አለች የበቆጂዋ ሴት።

"ይልቀቅ አይልቀቅ ነገ እንሞክረዋለን!" አሉ፤ ገና እየተናገሩም እጅጌያቸውን ይሰበስቡ ነበር።